ነጯን የዘለለው ሽቦ

የነደደ የመኪና ኮይል ሽታ ከሌላ ሽታ ጋር አይምታታም። ሬንጅ ሬንጅ ይላል፣ የተቃጠለ ዘይት አለበት፣ መጨረሻው ደግሞ ጉሮሮ ላይ የሚቀር መራራ ነገር ነው። ባለፈው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ይህ ሽታ ግቢያችን ውስጥ ሲመጣብኝ የያዝኩት የሻይ ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ብርጭቆ ቢጥል ማንም አይገርመውም፣ እጁ ደክሞ ነው ይባላል። እጄ አልነበረም። ያ ሽታ ከለጋምቦ ሜዳ፣ ከዚያ ክፉ ቀን ተነሥቶ፣ ይኸው ስንት ዘመን ተጉዞ መካነ ሰላም ድረስ መጥቶ አገኘኝ።

ሽታው የመጣው ከጂፗ ነው። ከጓሮዬ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ዶሮ እየታቀፈባት ዓመታት የቆየች ሸራ ለባሽ የቤንዚን ጂፕ አለችኝ። የታላቅ ወንድሜ የእሸቴ ልጅ ብርሃኑ ጅዳ ሠርቶ ከተመለሰ ወዲህ ስለሷ አላስቀምጥ አለኝ። አንቲክ ናት፣ ቀለም እንቀባትና ለሙሽራ እናከራያታለን ይለኛል። ልጁ መካኒክ አይደለም፣ ግን ስልኩን ይዞ የማይገባበት የለም። ደሴ ወርዶ ሁለት አዲስ ኮይል ገዛ፣ አንዱ መጠባበቂያ መሆኑ ነው። ፑንቲናውን በአሸዋ ወረቀት አሸ፣ ካንዴላዎቹን ለወጠ፣ ባትሪ ከጎረቤት ተዋሰ። ማክሰኞ ዕለት ቁልፉን ሲያዞረው ገና በመጀመሪያው ቡልቅ ብላ ተነሣች። ግድግዳው ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ይሞቅ የነበረው እሸቴ ፈገግ አለና «ድምጿ አልተለወጠም» አለ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ሽታው መጣ፣ ሞተሩም ሁለት ሦስት ጊዜ አስነጥሶ ጸጥ አለ።

እዚህ ላይ ስለ እሸቴ ልናገር። በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ዓይኑ ደክሟል፣ ጆሮው ግን የድመት ነው። በጾመ ነቢያት ሰሞን ደሴ ሐኪም ቤት ወስደነው ልቡ እንደደከመ ነገሩን፣ እግሩ ያብጣል፣ ደረጃ መውጣት አቅቶታል። ሐኪሙ ልጁን ወደ ጎን ወስዶ ምን እንዳለው አላውቅም፣ የብርሃኑን ፊት ግን አይቻለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። አንድ ያልነገርኩት ነገር አለ። ሳይሰማው ቢሞት ምን ይዋጠኝ? ሰምቶት በዚያው ቢሞትስ? በሁለቱ መካከል ስገላበጥ ይነጋል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ያለው ሰው የእኔን ዓይነት ውሸት ተሸክሞ አያውቅም።

ብርሃኑ ኮፈኑን ከፍቶ፣ አንዴ ስልኩን አንዴ ሞተሩን እያየ፣ ብዙ ቆየ። ሽቦዎቹን በካርቶን ላይ በእስክርቢቶ ሣላቸው። ከዚያ በጣቱ እየነካ ጠየቀኝ።

«አጎቴ፣ ይቺ ነጭ ነገር ሥራዋ ምንድን ነው? በብሎን ታስራለች እንጂ ሽቦ አያልፍባትም። ከቁልፉ የመጣው ሽቦ ዘሏት ቀጥታ ኮይሉ ላይ ገብቷል። ለዚህ እኮ ነው የነደደው። ማነው እንዲህ ያደረጋት? አላዋቂ ነው።»

ነጯን አየሁ፣ ከዚያ ወንድሜን። እሸቴ ከግድግዳው ሥር ጉልበቱን እያሸ ነበር።

ኮይልን ያስተማረኝ ጋሽ ደሳለ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ጂፗ የእሱ ነበረች፣ እኔ ሹፌሩ። ከገበያው ጀርባ አንድ ክፍል ጋራዥ ነበረው፣ ግሪስ የጠጣ ካኪ ኮት ይለብሳል፣ ኪሱ ውስጥ ካቻቢቴና የቆሎ ፍሬ አይጠፋም። ኮይል ማለት ክዳኑ የታሸገ ጣሳ የመሰለች ነገር ናት። አናቷ ላይ ግራና ቀኝ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባቸው ሁለት ትንንሽ ማሰሪያዎች፣ መሃሏ ላይ አንድ ቀዳዳ አላት። ከቁልፉ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ በመደመሩ በኩል ይገባል፣ በመቀነሱ በኩል ወጥቶ ሞተሩ ሲዞር ወደሚዘጋ ወደሚከፈተው ፑንቲና ይሄዳል፣ ከመሃሏ የሚነሣው ወፍራሙ ሽቦ ደግሞ እሳቱን ወደ ካንዴላዎቹ ይወስዳል። ፑንቲናው ሲገጥም ኮይሏ ትጠጣለች። ሲከፈት ይቆረጥባታል፣ እሳቱን የምትተፋውም ያኔ ነው። ጋሽ ደሳለ ይህን ሲያስረዳ እጁን ጭብጥ ፈታ እያደረገ ነበር፣ እኔም እስካሁን ለሰው ሳስረዳ እጄ በራሱ እንደዚያ ይላል።

ነጯ ደግሞ የሸክላ ቁራጭ ናት፣ የአንድ ጣት ርዝመት፣ ውስጧ የተጠቀለለ ሽቦ። የባትሪው ኃይል ለዚያች ኮይል ይበዛባታል፣ ነጯ መሃል ገብታ የተረፈውን ትይዝላታለች። የደጋ ሹፌሮች ግን አይወዷትም ነበር። ውርጭ ባደረበት ጠዋት ባትሪ ይልፈሰፈሳል፣ ሞተር እንቢ ይላል፣ የእጅ ማስነሻውን ማኑቬላ ሲያዞሩ ክንድ ይገነጠላል። ያን ጊዜ አንዱ ይነሣና ሌባዋን ዝለላት ይላል። ስሟ ሌባዋ ነበር፣ ከባትሪው ሰርቃ የምታስቀር ስለሚመስላቸው። አንዲት አጭር ሽቦ በጎኗ ካሳለፍክ ኮይሏ ሙሉውን ታገኛለች፣ መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ትነሣለች፣ አንተም ጀግና ትሆናለህ። ከአጅባርም ከኩታበርም የሚመጣው ሹፌር ሁሉ ይህን ያውቃል። ከተማ ውስጥ ለሚመላለስ ምንም አይደለም። ረጅም ዳገት ለሚወጣ ግን ጋሽ ደሳለ አንድ ነገር ደጋግሞ ይል ነበር። «ሌባ አይደለችም፣ ዘበኛ ናት» ይላል። ወጣት ነበርን፣ እንስቅበታለን።

ያ ዘመን እንግዲህ ቴትሮን ቦላሌ ሱሪ የሚለበስበት፣ ጫፉ ጭቃ እንዳይነካው በልብስ መቆንጠጫ የሚያዝበት ዘመን ነው። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲውም እንደዚያው። ቤንዚን ከደሴ በበርሜል ይመጣል፣ ከበርሜሉ በአፋችን በጎማ ቱቦ ስበን ነው የምንቀዳው፣ ቀኑን ሙሉ ምግቡ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ይለናል። መንገዱ ዳር ዛሬ ባንክ የቆመበት ቦታ የልብስ ሰፊዎች በረንዳ ነበር፣ የመኪና ድምፅ ሲሰሙ እግራቸውን ከመርገጫው አንሥተው ያዩናል። ሹፌር መሆን ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ ባጃጁ መንገዱን ሞልቶት ሹፌር ማን ዘወር ብሎ ያየዋል? ያኔ ግን እኔ ጌታቸው በዚያች ጂፕ ሳልፍ ልጃገረዶች ስሜን እየጠሩ ይዘፍኑ ነበር። ሲዘፈንለት የኖረ ሰው ጥፋቴ ነው ማለት ይከብደዋል፣ ይህን በኋላ ነው ያወቅኩት።

እሸቴ የታሰረው በዚያ ዘመን ነው። በቀበሌያችን የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ተቃጠለ። ማን እንዳቃጠለው ዛሬም አይታወቅም። ከሊቀመንበሩ ጋር በመሬት ድልደላ የተጣላ ሰው ይፈለግ ነበርና እሸቴ ተያዘ፣ ደሴ ወረደ። መጋዘኑ በተቃጠለ ቀን ግን እሸቴ ከላላ ገበያ ነበር። በቅሎ ሊገዛ ሄዶ፣ ገዝቶ፣ ሻጩ ቤት አድሮ ነው የመጣው። ሻጩ ሼህ ይመር ይባላሉ። ነጭ ጥምጣም የማይለያቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ሲነገራቸው ጊዜ አላጠፉም፣ የሸጥኩለትን ቀን አልረሳም፣ ያደረበትንም ቤት አልረሳም፣ እመሰክራለሁ አሉ። በዚያ ዘመን ለተከሳሽ መመስከር ቀላል ነገር አልነበረም። ፍርድ ቤቱ የመከላከያ ምስክር የሚሰማበትን የመጨረሻ ቀጠሮ ሰጠ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ምስክሩ ካልቀረበ ይታለፋል ተብሎ ተጽፏል።

ሼሁ በዋዜማው በበቅሎ መካነ ሰላም ገቡና እኛ ቤት አደሩ። ጋሽ ደሳለ ጂፗን ለቀኑ ሰጠኝ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከተነሣን ሰባት ሰዓት ላይ ደሴ ነን፣ ሁለት ሰዓት ይተርፈናል ብዬ አሰብኩ። ያስጨነቀኝ የጠዋቱ ብርድ ነበር። ወቅቱ ኅዳር ነው፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ባትነሣስ? ወንድሜ በባትሪ ምክንያት ሊቀር ነው? የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ፣ እኔ የፈራሁት እንዳይደርስ ብዬ አመሻሽ ላይ ኮፈኑን ከፈትኩና ከአሮጌ ራዲዮ የተረፈች አንዲት ቀይ ሽቦ ልጬ ነጯን ዘለልኳት። ለጋሽ ደሳለ አልነገርኩትም፣ እንቢ እንደሚለኝ አውቃለሁ። እምላለሁ፣ ለወንድሜ ብዬ ነው ያደረግኩት። ይህ ቀናነቴ ለማን ጠቀመ?

ጠዋት በአንድ ቁልፍ ተነሣች። ሼሁ «ማሻ አላህ» አሉ፣ እኔም ደረቴ ተነፋ። ትንሽ የቆርቆሮ ማንቆርቆሪያቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። ውሃው ለሰላታቸው መታጠቢያ መሆኑን ነገሩኝ፣ ደጋው ላይ ምንጭ ከመንገድ ይርቃል፣ መኪናም ቆሞ ውሃ ሲፈለግ ይዘገያል፣ እንዳላስዘገይህ ብዬ ይዤ ተነሣሁ አሉ። እንዳላስዘገይህ። ይህን ቃል ስንት ዓመት ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ። ዳገቱን ስንወጣ ቀስ ብለው መንዙማ ያንጎራጉሩ ነበር፣ ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር እሳቸውም ዜማውን እንደሞተሩ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል፣ ሳቅን። የሳቅኩበት የመጨረሻ መንገድ ያ ነው።

ለጋምቦ ሜዳ ላይ፣ አቀስታን አልፈን ትንሽ እንደሄድን፣ ማስነጠስ ጀመረች። ከዚያ ቆመች። ቤንዚን መሰለኝ። ካርቡሬተሩን ፈታሁ፣ ጠረግሁ፣ መልሼ ገጠምኩ። ይህ ሁሉ ሲሆን ቀዝቅዛ ኖሮ ተነሣች፣ አገኘሁት ብዬ ደስ አለኝ፣ ሩብ ሰዓት ሄደን ደግማ ቆመች። የቤንዚን ፖምፓውን ፈታሁ። እንደዚያው። በሦስተኛው ሼህ ይመር ወርደው አጠገቤ ቆሙና ያቺን ጣሳ በጣታቸው ነኳት፣ ጣታቸውን ወዲያው ወደ አፋቸው ወሰዱ። የታመመችው ይቺ ናት ልጄ፣ ትኩሳት አላት አሉ። ሽታው ያኔ ነው የገባኝ። ያደረግኩትም ያኔ ገባኝ። ቀይዋን ሽቦ ነቅዬ በነጯ በኩል መለስኩት፣ ግን ኮይሏ ውስጧ ነዷል፣ አሁን ጭራሽ እሳቱ አነሰና አልነሣ አለች። ቀይዋን መልሼ አሰርኳት። ብሎኑ ሁለቴ ሣር ውስጥ ወደቀብኝ። ፀሐይቱ አናት ላይ ወጥታለች። አንድ እህል የጫነ መኪና መጣ፣ መሃል መንገድ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ፣ ሰው እስከ ጣራው ስለጫነ ጡሩምባውን እየነፋ በዳር አለፈኝ። ከዚያ በኋላ በዚያ ሜዳ ላይ ከነፋሱ በቀር ማንም አልመጣም።

ሼሁ ጥምጣማቸውን ፈቱ። ጫፉን በጥርሳቸው ይዘው አንድ ክንድ ቀደዱ። ኮይሏ ላይ ጠመጠሙትና ማንቆርቆሪያውን አነሡ።

«ሼህ፣ የሰላትዎ ውሃ እኮ ነው» አልኩ።

«አብሽር፣ ውሃ ነው» አሉኝ። «ለመስገድ አላህ አፈርም ሰጥቷል።»

አፈሰሱት። ጨርቁ ችስ እያለ ጠጣው። ሲቀዘቅዝ ተነሣች፣ ትንሽ ሄድን፣ ቆመች። እንደገና ጠብ ጠብ እያደረጉ አፈሰሱ፣ ውሃውን እንደ መድኃኒት ነበር የሚቆጥቡት። የቀትር ሰላት ሲደርስ ውሃው አልቋል። እኔ ሞተሩ ላይ ተደፍቼ ሳለሁ እሳቸው ከመንገዱ ዳር ንጹሕ አፈር ፈልገው በመዳፋቸው ነክተው፣ ፊታቸውንና እጃቸውን አብሰው ሰገዱ። ቶሎ ነው የጨረሱት። እኔ ቀና ስል ጨርሰው ሊገፉልኝ ከኋላ ቆመው ነበር። ለሰላታቸው አንዲት ደቂቃ አልጠበቅኳቸውም። አንዲት።

ደሴ የገባነው አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ነው። የፍርድ ቤቱ በር ተዘግቷል። ጸሐፊው ቦርሳውን ይዞ ሲወጣ አገኘሁት፣ ምስክሩ ታልፏል፣ መዝገቡ ለውሳኔ ተቀጥሯል አለኝ። እሸቴን ወደ ወኅኒ ሊወስዱት ሁለት ፖሊሶች አጥሩ ዳር አስቀምጠውት ነበር። እጁ በሰንሰለት ነው። ሲያየኝ ተነሣ፣ ዓይኑ ከእኔ አልፎ ሰው ይፈልግ ነበር። እኔ ቀድሜ ሮጥኩ እንጂ ሼሁ ከጂፗ ጋር ቁልቁለቱ ላይ ቀርተዋል። «ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፣ ቁጣ ቢኖርበት ምናልባት እውነቱን እናገር ነበር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነገር ነው።

«ሼሁ ናቸው» አልኩት። «ለሰላት እያሉ አስቆሙኝ። ውሃ ሲፈልጉ ዘገየን።»

እሸቴ ተቀመጠ።

ስምንት ዓመት ተፈረደበት። እናታችን እሱ ታስሮ ሳለ ሞተች፣ አፈር አላለበሳትም። ብርሃኑ አራት ወሩ ነበር፣ አባቱን ያወቀው ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው። ሼህ ይመር ደግሞ በሶ በቅቤ አስለውሰው፣ ከከላላ ደሴ ድረስ ሊጠይቁት ሄዱ። አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ሰላቱን ከሰው ነፍስ ያስበለጠ ሰው ፊቱን አያሳየኝ ብሎ እሸቴ አልወጣላቸውም። ዘበኛው ቃሉን ለሼሁ እንዳለ ነገራቸው፣ ለእኔም የነገረኝ እሱ ነው። ምን አሉ? ብዬ ጠየቅኩት። እሺ በሉት፣ በሶውን ግን ስጡት ብለው ሄዱ አለኝ። ማን እንዲህ እንዳለባቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ያውቃሉ ማለት ነው። በዚያ መንገድ ላይ ከእኔና ከእሳቸው ሌላ ማን ነበረ? ከዚያ በኋላ ከላላ ገበያ አንድ ቀን ፊት ለፊት ተገጣጠምን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። እጄን ያዙኝና «ኮይሏ ዳነች ወይ?» ብቻ አሉኝ። ዳነች አልኳቸው። ውሸቴን አልነበረም፣ ያለ ነጯ የምትሠራ ሌላ ዓይነት ኮይል ጋሽ ደሳለ አስገብቶላት፣ ቀይዋም ሽቦ በቦታዋ ቀርታ ነበር። ጋሽ ደሳለ ቀይዋን ሽቦ ባየ ጊዜ አንድ ቃል ነው የተናገረኝ፣ ለወንድምህ የምትነግረው አንተ ነህ፣ እኔ አይደለሁም አለኝ። ሲሞትም ጂፗን ለእኔ ተወልኝ። ውርስ ይሁን ቅጣት እስካሁን አልገባኝም።

እሸቴ ሲፈታ ልነግረው ነበር። ከሲታ ሆኖ፣ ጥርሱ ረግፎ መጣ፣ ትንሽ ይጠንክር አልኩ። ሲጠነክር ደግሞ ደስታውን አላጥፋበት አልኩ። ከዚያ ሼህ ይመር ሞቱ። ከመካነ ሰላም ክርስቲያኑም እስላሙም ለቅሶ ሄደ፣ ከበቅሎና ከእግረኛው ብዛት መንገዱ አቧራ ሆኖ ዋለ። እሸቴ አልሄደም። እኔም ታምሜያለሁ ብዬ ተኛሁ። በእኛ አገር የሰው ለቅሶ አለመድረስ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ይቸግራል። ደመኛ እንኳ ይደርሳል።

እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት ብርሃኑ ማነው አላዋቂው ብሎ ሲጠይቀኝ ዝም ብዬ የቆምኩት ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው። ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠግቶ፣ ያለ እሷ ረጅም መንገድ አይሄድም ይላል አጎቴ፣ ግሎ ይሞታል ይላል አለኝ። እሸቴ ጉልበቱን ማሸቱን ተወ።

«እኔ ነኝ የዘለልኳት» አልኩ። ብርሃኑ ሳቀ። እኔ ግን ወደ ግድግዳው ዞርኩ። «እሸቴ፣ ያን ቀን ሼህ ይመር አላዘገዩኝም።»

ቆሜ መናገር አቃተኝና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኩት፣ የማምሻውን፣ ቀይዋን ሽቦ፣ ጥምጣሙን፣ ውሃውን። ብርሃኑ ስልኩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ፣ ይህ ታሪክ የእሱም ልጅነት ነው። እሸቴ በዚያ በደከመ ዓይኑ እኔን ሳይሆን ጂፗን ነበር የሚያየው። ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ ሄደ፣ ገደልኩት ብዬ ተነሣሁ። እጁን አንሥቶ ተቀመጥ አለኝ።

«ውሃው ካለቀ በምን ታጥበው ሰገዱ?» አለ።

«በአፈር።»

እግሩ ላይ ወድቄ ይቅር በለኝ አልኩት፣ ስምንት ዓመትህን፣ እናታችንን፣ ሁሉን ይቅር በለኝ። እግሩን አልሰበሰበም።

«የኔን ተወው፣ እኔ አለሁ» አለ። «ለቅሷቸውን አልደረስኩም እኮ ጌታቸው።»

ከዚያ ምርኩዙን ይዞ ተነሣ። ጂፗን በእጁ እየዳበሰ በሩን አገኘ፣ ከፈተና ከሹፌሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ወጣ። «ከላላ ንዳ» አለኝ። ብርሃኑ ተርበተበተ፣ አባዬ መንገዱ ይጥልዎታል፣ ነገ ጥሩ መኪና ልከራይ እያለ ለመነው። እሸቴ አልሰማውም። «በዚች ነው የመጡልኝ፣ በዚች ነው የምሄድላቸው» አለ። መጠባበቂያውን ኮይል ከካርቶኑ አወጣነው። የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ ልጁ እጁን ሊያስገባ ሲል ተው አልኩት። ከቁልፉ የመጣውን ሽቦ በነጯ አሳለፍኩ፣ ከነጯ ወደ መደመሩ፣ ከመቀነሱ ወደ ፑንቲናው። ቀይዋን ሽቦ ነቅዬ ኪሴ ከተትኳት። ቁልፉን ሳዞረው ሦስት ጊዜ እንቢ አለችኝ፣ በአራተኛው ተነሣች። በዚያ ቀንም እንዲህ ብትሆን አራት ጊዜ ማዞር ምን ይጎዳኝ ነበር?

በመንገዱ ሁሉ እሸቴ አላናገረኝም። ብርሃኑ ከኋላ ሆኖ የአባቱን ትከሻ ይዞ ነበር። ኮይሏ አልጋለችም፣ በየሰዓቱ ወርጄ ነካሁ። ከላላ ስንደርስ የሼሁን ቤት ጠይቀን አገኘነው፣ ልጃቸው ዘሃራ ነች የምትኖርበት፣ እሷም ፀጉሯ ነጭቷል። እሸቴ ደጃፉ ላይ ምርኩዙን አስቀምጦ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁ አላት። የማን? አለች። ያባትሽን ሲላት ዓይኗ በእንባ ሞላ፣ ከሞተ ስንት ዓመቱ እኮ ነው አለች። ከዚያ እሸቴ ይሄ ወንድሜ የሚነግርሽ አለው አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ለሁለተኛ ጊዜ መናገር ከመጀመሪያው ይቀላል ያለኝ ሰው የለም እንጂ ቢኖር ውሸታም እለው ነበር።

ዘሃራ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አባባ ስለ መኪናዋ ነግሮናል አለች፣ የሰላቴን ውሃ መኪና አጠጣሁ እያለ ሲያስቀን ነበር፣ ይኼኛውን ግን አልነገረንም። አንድም ቀን አልነገረንም። ከዚያ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ታባርረን ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። ተመልሳ የመጣችው ሳፋና ማንቆርቆሪያ ይዛ ነው፣ እህል ሳትቀምሱማ አትሄዱም አለች። ማንቆርቆሪያዋን አወቅኳት። የቆርቆሮዋ ጎን ሰርጉዷል፣ እጀታዋ በሽቦ ታስሯል። እሸቴ እጁን ዘረጋ፣ አፈሰሰችለት፣ ቀስ ብሎ ታጠበ። ብርሃኑም ታጠበ። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ ጎንበስ አለች።

«ይታጠቡ እንጂ ጋሼ» አለችኝ።

ውሃው ከማንቆርቆሪያው አፍ ላይ ደርሶ ይጠብቀኝ ነበር። እጄን ከጋቢዬ ውስጥ ማውጣት አቃተኝ።